ባለቤቱን የናቀ አጥር

«ባለቤቱን ካልናቁ አጥሩን አይነቀንቁ» ይላል የአገራችን ሰው። ይህ አባባል የተነገረው አጥር የባለቤቱ በነበረበት ጊዜ ነው። በባሕር ዳር ከተማ፣ በጣና ደቡባዊ ዳርቻ ላይ የተዘረጋው አጥር ግን ነገሩን ገልብጦታል። እዚህ ባለቤቱን የናቀው አጥሩን የነቀነቀ ሳይሆን አጥሩን የተከለ ነው። ባለቤቱ ሕዝብ ከአጥሩ ውጭ ቆሞ ውኃውን በቆርቆሮ ቀዳዳና በብረት ፍርግርግ አሾልኮ ያያል፤ ደግሞም ከማየቱ በፊት «ወዴት ነህ?» ይባላል።

ይህ ጽሑፍ አንድ ጥያቄ ብቻ ይዞ ይነሣል። የጣና ዳርቻ የማን ነው? ጥያቄው የመሬት አስተዳደር ጉዳይ ብቻ ነው የሚሉ ይኖራሉ። «ባለቅኔው በቅኔው ይወሰን፤ ዳርቻውን ለመሐንዲሱና ለማዘጋጃ ቤቱ ይተውለት» የሚሉ ወዳጆችም አሉኝ። ለነዚህ ወዳጆቼ የምሰጠውን መልስ በኋላ እመለስበታለሁ። በመጀመሪያ ግን ስለ ምን እንደምንነጋገር እንተዋወቅ።

ባሕር ዳር ስሟን ያገኘችው ከተቀመጠችበት ነው። የአካባቢው ሰው ጣናን «ባሕር» ይለዋል፤ ከተማዋም የባሕሩ ዳር ናት። ስለዚህ ዳርቻውን ከከተማዋ ላይ ብንቀንስ የሚቀረን መልክዐ ምድሯ የጎደለ ከተማ ብቻ ሳይሆን ስሟ ትርጉም ያጣ ከተማ ነው። ሐይቁ ከባሕር ወለል በላይ በ1,800 ሜትር ያህል ከፍታ ላይ ተንጣሎ ወደ 3,000 ካሬ ኪሎ ሜትር የሚደርስ ስፋት ይሸፍናል፤ 37 ያህል ደሴቶችን አቅፏል፤ ግልገል ዓባይን፣ ርብን፣ ጉማራንና መገጭን ተቀብሎ ታላቁን ዓባይ ይሸኛል። ከተማዋ የሞተር ጀልባ ሳታውቅ በፊት ወደብ ነበረች። የዘጌ ቡናና የማገዶ እንጨት በደንገል ታንኳ ተጭኖ ወደ ገበያዋ ይመጣ ነበር፤ ከገዳማቱ የሚነሣው መነኩሴም በዚሁ ታንኳ ይሻገር ነበር። በጣልያን ወረራ ዘመን የጀልባ ማረፊያና የአውሮፕላን ሜዳ ተሠራላት፤ ከሰሜኑ የጎርጎራ ወደብ ጋር የሚያገናኛት የሞተር ጀልባ ጉዞም ተስፋፋ።

ከዚያም በ1950ዎቹ የከተማዋ ዕድል በፍጥነት ተለወጠ። በ1953 ዓ.ም. የጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካው፣ በ1955 ዓ.ም. በሶቭየት ኅብረት እርዳታ የተሠራው ፖሊቴክኒክ፣ በ1956 ዓ.ም. የጢስ ዓባይ የኤሌክትሪክ ኃይል ማመንጫ ሥራ ጀመሩ። በዚያው ዘመን በፕሮፌሰር ማክስ ጉተር የተመሩ ጀርመናውያን ባለሙያዎች ለከተማዋ ማስተር ፕላን ነደፉላት። ዛሬ እንግዳ ሁሉ የሚያደንቃቸው ሰፋፊና በዘንባባ የተዋቡ ጎዳናዎቿ ከተማዋ እንዲሁ በዘፈቀደ እንዳልበቀለች ይመሰክራሉ። እንግዲህ ጎዳናው ሰፊ፣ ዘንባባው ረጅም፣ ውኃው ቅርብ ነው። የጎደለው ምንድር ነው? የጎደለው ከጎዳናው ወደ ውኃው የሚያደርስ በር ነው።

ይህ ጸሐፊ በ1990ዎቹ አጋማሽ ተማሪ ሳለ ከሐይቁ ዳር ካለ ዋርካ ሥር ተቀምጦ ማንበብ ይችል ነበር። በ1995 ዓ.ም. የሐይቁ ውኃ እጅግ ወርዶ ጀልባዎች ለወራት ከሥራ በታገዱ ጊዜ ከከተማው ነዋሪ ጋር በደረቀው ጭቃ ላይ ቆሞ የራቀውን ውኃ በድንጋጤ ተመልክቷል። ያን ዕለት በዚያ የተሰበሰበው ሰው ሁሉ ሐይቁ የራሱ እንደ ሆነ ያወቀው ባዘነው ሐዘን ነበር። ማንም ሰው በሌላው ንብረት መድረቅ እንደዚያ አያዝንም።

ከዓመታት በኋላ አንድ ቴአትር ለማዘጋጀት ከስድስት ወጣት ተዋንያን ጋር ወደዚያው ዳርቻ ተመለስሁ። ቴአትሩ ስለ አንድ ታንኳ ቀዛፊ ነው። ልጆቹ አቀማመጡን፣ ዘንግ አያያዙን፣ ወገብ አጣጣፉን እንዲያዩ ብዬ ዕድሜውን በሙሉ በደንገል ታንኳ የኖሩ አንድ አዛውንት እንዲያስተምሩን ለምኜ ነበር። ስፍራው ስሙን ከማልጠራው አንድ መዝናኛ ግቢ ውስጥ ገብቷል። ጥበቃው በትሕትና፣ «ጋሼ፣ እዚህ መቀመጥ የሚቻለው ለሚታዘዝ ሰው ነው» አለኝ። ሰባት ሆነን ሁለት ሻይ አዘዝንና ገባን። አዛውንቱ ግን እግራቸው ባዶ፣ ልብሳቸውም ዓሣ ዓሣ የሚሸት ነበርና «እሳቸው ይቆዩ» ተባለ። እንግዲህ ታንኳ ቀዛፊ ሆኖ የሚጫወተው ልጅ ገባ፤ ታንኳ ቀዛፊው ግን ከበር ቀረ። እኔ በኀፍረት ምን እንደምል ሳጣ አዛውንቱ ዘንጋቸውን ትከሻቸው ላይ ጣል አድርገው፣ «ግድ የለም ልጄ፣ እኔ በውኃው በኩል እመጣለሁ» አሉኝ። መጡም። ያን ቀን ልምምዱን ያደረግነው እሳቸው ከታንኳቸው ላይ፣ እኛ ከዳር ሆነን እየተጯጯህን ነው። ጥበቃው ዝም ብሎ አየን፤ ውኃው በር ስለሌለው የሚዘጋው ነገር አጣ።

ያ ጥበቃ ጥፋተኛ አይደለም፤ በወር ደመወዝ የሌላ ሰው አጥር የሚጠብቅ የድኻ ልጅ ነው። ጥፋተኛው አጥሩን ተገቢ አድርጎ ያሳመነን አስተሳሰብ ነው። ይህን አስተሳሰብ የሚደግፉት ሰዎች ሦስት ክርክር ያቀርባሉና አንድ በአንድ እንያቸው።

የመጀመሪያው ክርክር፣ «ሆቴሉና መዝናኛው ለወጣቱ የሥራ ዕድል፣ ለአገር የውጭ ምንዛሪ ያስገኛል» የሚል ነው። እውነት ነው፤ ማንም አይክድም። ነገር ግን የውጭ ምንዛሪ የሚያመጣው አልጋውና ምግቡ፣ ጀልባውና አስጎብኚው እንጂ አጥሩ አይደለም። ሆቴሉ ከውኃው ጥቂት ሸሸት ብሎ ቢሠራ፣ ከፊቱም ሕዝብ የሚመላለስበት መንገድ ቢኖር፣ እንግዳው ከመስኮቱ ሐይቁንም ሕዝቡንም ያያል። ሩቅ አገር አቋርጦ የመጣ እንግዳ ሌላ እንግዳ ለማየት አልመጣም።

ሁለተኛው ክርክር፣ «ሕዝብ ከገባ ያቆሽሻል» የሚለው ነው። ይህ ክርክር ንቀት ነው፤ ከንቀትም በላይ ውሸት ነው። የእንቦጭ አረም በ2004 ዓ.ም. አካባቢ በጣና ላይ ከታየ በኋላ ሐይቁን እያለበሰ ሲሄድ አረሙን በእጁ የነቀለው ማን ነበር? ገበሬው፣ ተማሪው፣ የመንግሥት ሠራተኛው እስከ ወገቡ ውኃ ውስጥ ገብቶ አይደለምን? በጥቅምት 2010 ዓ.ም. «ጣና ኬኛ» እያሉ ከኦሮሚያ የተጓዙት ወጣቶች ከባሕር ዳር ወጣቶች ጋር አረም ሊነቅሉ እንጂ ሊያቆሽሹ አልመጡም። ውኃውን ለማጽዳት ሲጠራ «ባለቤት» የሚባል ሕዝብ፣ ጸጥ ባለ ምሽት ከውኃው ዳር ሊቀመጥ ሲመጣ «አቆሻሽ» የሚባልበት አመክንዮ ከየት ተገኘ? ለሥራ ሲሆን የኛ፣ ለዕረፍት ሲሆን የነሱ! ይህ ከሆነ አባቶቻችን «የዓባይን ልጅ ውኃ ጠማው» ያሉት ለኛ ነው ማለት ነው።

ሦስተኛው ክርክር አዲስ ነው፤ ስለ አዲስነቱም ጠንቀቅ ብለን ልንመረምረው ይገባል። ከ2016 ዓ.ም. ወዲህ የኮሪደር ልማት የተባለው ሥራ ከአዲስ አበባ ተነሥቶ ወደ ክልል ከተሞች ሲስፋፋ ባሕር ዳርንም ደርሷል። «ጥያቄህ ተመልሷል፤ መንገዱ እየተነጠፈ፣ መብራቱ እየተተከለ ነው፤ ከእንግዲህ ምን ትላለህ?» ይሉኛል። እኔም እላለሁ፦ ሕዝብ የሚረግጠው መንገድ በተሠራ ቁጥር እሰየው! ነገር ግን ዳርቻ መንገድ ብቻ አይደለም። ሰው የሚመላለስበት ንጣፍ፣ የሚበሩ አምፖሎችና ፎቶግራፍ የሚነሡበት ስፍራ ሊኖር ይችላል፤ ሆኖም ቀድሞ በዚያ የኖረው ደንገል ተነቅሎ፣ ዓሣ አጥማጁ ወደ ኋላ ተገፍቶ፣ ሻይ አፍልታ የምትሸጠው ሴት ተባርራ የተገኘ ውበት ከሆነ አጥሩ ወደቀ አይባልም። አጥሩ ከብረትነት ወደ ጌጥነት ተለወጠ እንጂ።

ደንገል የሚባለውን አንዳንዱ ሰው ዓይን የሚከልል ሣር አድርጎ ይቆጥረዋል። ደንገል ግን የሐይቁ ወንፊት ነው። ወንዞቹ የሚያወርዱትን ደለል ይይዛል፤ ዓሣው በሥሩ ይራባል፤ ወፉም ይጠለልበታል። በጣና ብቻ የሚገኙ የዓሣ ዝርያዎች እንዳሉ፣ አካባቢውም በ2007 ዓ.ም. በዩኔስኮ የባዮስፌር ጥብቅ ስፍራ ሆኖ እንደ ተመዘገበ ለዚህ መጽሔት አንባብያን መንገር አያስፈልግም። ዳርቻውን በሲሚንቶ ገንብቶ ደንገሉን ያጠፋ ሰው ሐይቁን አስውቤ ሠራሁ ቢል፣ የታማሚውን ሳንባ አውጥቶ ደረቱን በወርቅ ያጌጠ ሐኪም ይመስላል።

ከደንገሉ ጋር የሚኖር ሕዝብም አለ። ነገደ ወይጦ በጣና ዙሪያ የኖረው ማንም ሆቴል ሳይሠራ በፊት ነው። ታንኳ ጎንጉኖ፣ ዓሣ አጥምዶ፣ ጥንት ጉማሬ አድኖ፣ ወፍጮ ጠርቦ፣ ቅርጫት ሠርቶ ኖሯል። የጥንት ቋንቋው ጠፍቶ ዛሬ አፉን የፈታው በአማርኛ ነው። ለዘመናት በጎረቤቱ ተንቆ፣ አብሮ መብላት ተነፍጎ፣ ስሙም ስድብ ሆኖበት ኖሯል። ከተማ በሰፋ ቁጥር ደግሞ ከውኃው ዳር ወደ ኋላ የሚገፋው እሱ ነው። የዛሬ ብሮሹር የሚያጌጠው ግን በማን ታንኳ ነው? በእሱ ታንኳ! ሥራው ለጌጥ ተፈለገ፤ ሠሪው ለጉርብትና አልተፈለገም።

እዚህ ላይ «ባለቅኔው በቅኔው ይወሰን» ላሉኝ ወዳጆቼ የገባሁትን ቃል ልፈጽም። በዚህ በደል እኛ የኪነ ጥበብ ሰዎች ንጹሓን ብንሆን ኖሮ ዝም ባልሁ ነበር። ንጹሓን ግን አይደለንም። ስለ ጣና የተሳለውን ሥዕል፣ የተዘፈነውን ዘፈን፣ የተገጠመውን ግጥም በዓይነ ኅሊናችሁ አሰልፉት። ፀሐይ ትጠልቃለች፤ ይብራ ትንሳፈፋለች፤ የደሴቱ ቤተ ክርስቲያን ከሩቅ ይታያል፤ አንዲት ታንኳ በወርቃማው ውኃ ላይ እንደ ጥላ ትሳባለች። በታንኳዋ ላይ ያለው ሰው ፊት አለውን? የለውም። ጥቁር ጥላ ነው። ታንኳውን ሣልን፤ ቀዛፊውን ረሳን። ሰው የሌለበት ጣና በሥዕል ከለመደ በኋላ ሰው የሌለበት ጣና በምድር ላይ ለመሥራት የተነሣው ባለሀብት ምን አጠፋ? አስቀድመን ሕዝቡን ከሸራው ላይ ያስወጣነው እኛ ነን፤ እሱ ከኛ ቀጥሎ ግንብ ሠራ።

ግለ ሂስ ከራስ ይጀምራልና፣ ይህ ጸሐፊም በወጣትነቱ ስለ ጣና ከጻፋቸው ግጥሞች መካከል አንዱም ላይ የሰው ስም እንደሌለ ሲያስተውል ፊቱ ቀልቷል። ቀዛፊው ወደ ድርሰቴ የገባው ከበር ላይ ሲመለሱ ያየኋቸው አዛውንት ከገቡ በኋላ ነው። ስለዚህ ዳርቻው የመሐንዲስ ጉዳይ ብቻ ነው የሚለውን አልቀበልም። መሐንዲሱ የሚነድፈው ኅብረተሰቡ ያለመውን ነው፤ ለኅብረተሰቡ ሕልም ቃልና መልክ የሚሰጠው ደግሞ ደራሲው፣ ሠዓሊውና ተዋናዩ ነው። ሕልሙ ባዶ ዳርቻ ከሆነ ንድፉም ባዶ ዳርቻ ይሆናል።

በሌላው ዓለም የሆነውንም እንመልከት። በዛንዚባር፣ በድንጋይ ከተማው ፊት ፎሮዳኒ የሚባል የባሕር ዳር መናፈሻ አለ። በዘመነ ሱልጣን፣ እ.ኤ.አ. በ1936 የተመሠረተ ነው። መናፈሻው ተጎሳቁሎ ከቆየ በኋላ በአጋ ካን የባህል ድርጅት ታድሶ እ.ኤ.አ. በ2009 እንደገና ተከፈተ። ፀሐይ ስትጠልቅ ዓሣና እንጀራ መሰል ቂጣ የሚጠብሱት ሻጮች ዛሬም እዚያው አሉ፤ የከተማው ልጆችም ከግንቡ ላይ እየዘለሉ ባሕሩ ውስጥ ይጠልቃሉ። መናፈሻው ሲታደስ ሕይወቱ አብሮ አልተጠረገም። በሃቫና ማሌኮን የሚባለው የባሕር ግንብ ከሃያኛው ክፍለ ዘመን መባቻ ጀምሮ የተሠራ፣ ስምንት ኪሎ ሜትር ያህል የሚረዝም ነው፤ ድኻውም ሀብታሙም፣ ዓሣ አጥማጁም ጊታር መችውም ከዚያው ግንብ ላይ ጎን ለጎን ይቀመጣል። ለመቀመጥ ሻይ ማዘዝ የለበትም።

ሩቅ ሳንሄድ በአገራችን ሐዋሳ አለች። ሐዋሳ ሕዝቧን ከሐይቋ ጋር ያገናኘችው በፍቅር ሐይቅ ነው። ማታ ማታ ወጣትና ሽማግሌ እየተጋፋ ይመላለስበታል፤ በአሞራ ገደልም ዓሣ አጥማጁ ያመጣውን ዓሣ ሰው እዚያው ይበላል። ጉድለት የለባትም አልልም፤ ከተማና ሐይቅ ግን ይተዋወቃሉ። በአንጻሩ ቢሾፍቱን እንመልከት። ያን ያህል ሐይቅ የታደለች ከተማ፣ ሆቴልና መዝናኛ በከበባቸው ሐይቆቿ ዳር ገንዘብ ያልያዘ ሰው ምን ያህል ስፍራ ያገኛል? ባሕር ዳር ከሁለቱ መንገዶች አንዱን መምረጥ አለባት።

ሐወልትና መናፈሻ ሌላ ጊዜም ይሠራል። መቀሌ ሐይቅ የላትም፤ ሆኖም ሐወልቲን ተክላ ከሩቅ የሚታይ የመታሰቢያና የመሰብሰቢያ ስፍራ አበጅታለች። ባሕር ዳርም ከዓባይ አጠገብ የሰማዕታት ሐውልቷን አቁማለች፤ በግንቦት 2016 ዓ.ም. ደግሞ 380 ሜትር የሚረዝመውን አዲሱን የዓባይ ድልድይ አስመርቃለች። ሰው የሠራውን ሰው ይደግመዋል። ዳርቻ ግን አይተከልም፤ አይደገምም። አንዴ ከተሸነሸነ የሚመልሰው የለም።

ሕጉስ ምን ይላል? የ1987 ዓ.ም. ሕገ መንግሥት በ40ኛው አንቀጽ የመሬትና የተፈጥሮ ሀብት ባለቤትነትን ለመንግሥትና ለሕዝብ ብቻ ሰጥቷል። በሊዝ የሚሰጠው የመጠቀም መብት ነው እንጂ ሐይቅ አይሸጥም፤ የሐይቅ እይታም አይሸጥም። ስለዚህ የምንጠይቀው ችሮታ አይደለም፤ በወረቀት ያለንን በምድር ላይ እንድናገኘው ነው። ጥያቄያችንም አራት ነው።

አንደኛ፣ ከውኃው ጠርዝና ከማንኛውም ግንብ መካከል ያለው መሬት ሳይቋረጥ የሕዝብ መተላለፊያ ይሁን፤ በነባር ይዞታዎች ፊትም ቢሆን ሰው የሚያልፍበት መንገድ በድርድርና በሕግ ይከፈት። ሁለተኛ፣ መግቢያው ያለ ክፍያ ይሁን፤ ወንበሩም ለተቀመጠ ሁሉ እንጂ ለታዘዘ ብቻ አይሁን። ሦስተኛ፣ ደንገል የሚበቅልበት ስፍራ በንድፉ ላይ እንደ መንገዱና እንደ መብራቱ ተሠፍሮ ይቀመጥ፤ ታንኳ ሠሪዎችም ሥራቸውን እየሠሩ የሚኖሩበት እንጂ ለጎብኚ የሚታዩበት ያልሆነ ቋሚ ቦታ ይሰጣቸው፤ በዚህም ውሳኔ ላይ ራሳቸው ይቀመጡ። አራተኛ፣ በዳርቻው ላይ ክፍት የሆነ፣ ጣራና በር የሌለው መድረክ ይሠራ፤ ሙሉዓለም የባህል ማዕከልን የመሰለ የቴአትር ቤት ያላት ከተማ በሐይቋ ዳር ሕዝቧን በነጻ የምታስተናግድበት መድረክ ልታጣ አይገባም።

ከ2015 ዓ.ም. መጨረሻ ወዲህ በክልሉ የተነሣው ግጭት የከተማዋን ምሽት እንዳሳጠረው አውቃለሁ። «አሁን ስለ መናፈሻ የሚወራበት ጊዜ ነውን?» የሚለኝ አይጠፋም። በእርግጥም ነው። በ1994 ዓ.ም. ከዩኔስኮ የሰላም ከተማ ሽልማት የተቀበለች ከተማ፣ ሰላም ማለት የማይተዋወቁ ሰዎች አመሻሽ ላይ ያለ ፍርሃት በአንድ አግዳሚ ወንበር መቀመጥ መሆኑን ከሌላው ይበልጥ ታውቀዋለች። ሰዎች የሚገናኙበት የጋራ ስፍራ በጠፋ ቁጥር መራራቁ ይበረታል። አጥር የሚያስተምረን መጠራጠርን ብቻ ነው።

መምህራን ሆይ፣ ተማሪዎቻችሁን ወደ ዳርቻው ይዛችሁ ውረዱ፤ ከበሩ ላይ የሚጠየቁትንም ጥያቄ እንደ ትምህርት ይመዝግቡት። የከተማዋ ሹማምንት ሆይ፣ ንድፉን ከማጽደቃችሁ በፊት ከቢሮ ወጥታችሁ ያለ መኪናና ያለ አጃቢ ከሐይቁ ዳር ለመቀመጥ ሞክሩ፤ የት ላይ እንደምትቆሙ እዩ። ሠዓልያን፣ ገጣምያን፣ ተዋንያን ሆይ፣ ለታንኳ ቀዛፊው ፊቱን መልሱለት።

እነዚያ አዛውንት በውኃው በኩል መጥተውልናል። ሰው ወደ ገዛ ከተማው ዳርቻ ለመድረስ ግን በውኃ መዞር የለበትም። አባባሉን ወደ ቀድሞ ትርጉሙ እንመልሰው፤ ባለቤቱ ይከበር፤ ያን ጊዜ የሚነቀነቅ አጥርም አይኖርም።